የአስጎብኚዋ አባት

እናቷ አባቷን ስትገድለው ይህ ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። ንቢት ከመጋረጃው ጀርባ ጫማዋን እያሰረች ሁሉንም ሰማች። አዲሷ አከራይ በጠዋት መጥተው፣ በሩ ላይ እንደቆሙ ዓይናቸውን ወደ ውስጥ ልከው፣ አልጋውንም ምድጃውንም የልብሱንም ክምር አንድ በአንድ ካዩ በኋላ፣ "የልጅቷ አባትስ?" ብለው ጠየቁ። እናቷ "አረፈ፤ ልቡ ነው" አለች። አከራይዋ ከንፈራቸውን መጠጡ፤ ነፍስ ይማር አሉ፤ የመብራቱን ሒሳብ ግን እኩል እንደሚካፈሉ ሳያስታውሱ አልሄዱም። በመጀመሪያው ኪራይ ቤት አባቷ የሞተው በመኪና አደጋ ነበር። በሁለተኛው ጉበቱ ነበር። ሰውየው ግን ከከተማው ማዶ የመኪና መለዋወጫ ሱቁ ውስጥ ከመስታወት ጀርባ ተቀምጦ ይውላል፤ ጤናው ከማንም የተሻለ ነው።

"ለምንድነው በየቤቱ የምትቀብሪው?" አለች ንቢት መጋረጃውን ገልጣ። እናቷ ቀና አላለችም። የንቢትን ነጭ ሸሚዝ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ኮሌታውን እየተኮሰች ነበር። እንጀራዋም ይኸው ነው፤ ቀኑን ሙሉ በአንድ ሆቴል ምድር ቤት የእንግዳ አንሶላና ሸሚዝ ስትተኩስ ትውላለች፣ ማታ ስትገባ ጣቶቿ ካውያ እንደጨበጡ ናቸው፣ ቶሎ አይዘረጉም። ነገሩን ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ አስረድታታለች። ባሏ የሞተባት ሴት ይታዘንላታል፤ ባሏ ትቷት የሄደች ሴት ግን "ምን አድርጋው ይሆን?" ትባላለች፣ አከራይ ሁሉ ማን ገባ ማን ወጣ እያለ በሯን ሲጠብቅ ያድራል። በሞተ ሰው ላይ ጥያቄ የሚያበዛ የለም። ንቢት ነገሩ ጠፍቷት አይደለም፤ ገብቷት ነው የሚያንገበግባት። ጥሎ የሄደው እሱ፣ ሐዘን የሚቀመጡት እነሱ። አንድ ቀን እንኳ ደጃቸውን ሳይረግጥ በየሰፈሩ ነፍስ ይማር ይባልለታል። "እኔን ከጠየቁኝ አልዋሽም" አለች። እናቷ ካውያውን አቆመችና ሸሚዙን በሁለት እጇ አንስታ ሰጠቻት። "ዛሬ የመጀመሪያ ቀንሽ ነው፤ ከሰው ጋር አትጣይ" አለቻት። ንቢት የሚለውን ስም ያወጣችላት ራሷ ናት፤ በልጅነቷ የነካት ሁሉ ሳይነደፍ አይሄድም ነበር። በአንድ ክፍል ውስጥ ብዙ ዓመት የኖሩ ሰዎች ስለሆኑ ሳይተያዩ መተላለፍ ይችሉበታል፤ አንዷ ወደ ምድጃው ስትሄድ ሌላዋ ወደ አልጋው ትጠጋለች። ንቢት ሸሚዙን ከነትኩሳቱ ለብሳ ወጣች።

የሁለተኛ ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪ ናት። ዩኒቨርሲቲው በየዓመቱ ለጥቂት ሳምንት በሩን ከፍቶ፣ ወደፊት ሊገቡ የሚያስቡ ልጆችን ከነወላጆቻቸው ያስጎበኛል፤ አስጎብኚዎቹ ተማሪዎች ናቸው። ሥራውን ከፈለጉት ብዙ ልጆች መካከል ንቢት የተመረጠችው ድምፅዋ ያለ ማጉያ ስለሚሰማ ነው፤ እናቷ ይህንን ስትሰማ "ለዚህስ እኔም እመሰክራለሁ" ብላ ነበር። ሥራው መጠነኛ አበልና የምሳ ካርድ አለው። ከዚያ በላይ ንቢት የጓጓችለት ሌላ ነገር ነው፤ ጉብኝቱን እስከ መጨረሻው በደንብ የሠራ ልጅ በእረፍቱ ወራት ግቢ ውስጥ አልጋ ይሰጠዋል። አከራይ የማያንኳኳው በር፣ ለብቻ የሚበራ መብራት። አውቶቡስ ውስጥ ቆማ የምትናገረውን በልቧ ስትደግም ሄደች፤ ሁለት ፌርማታ ሲቀር አንድ ሰው ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቶ መቀመጫውን ለቀቀላት፣ የታመመች መስሎት ይሆናል።

አስተባባሪዋ ቁልፍ ከእጇ የማይለይ ረጅም ሴት ናት፤ ከመምጣቷ በፊት ቁልፏ ይሰማል። አዲሶቹን አስጎብኚዎች ቢሮዋ በር ላይ ሰብስባ ደንቡን ነገረቻቸው። የሚታየው ላይብረሪው፣ ላብራቶሪው፣ አዲሱ ካፌና ትልቁ አዳራሽ ነው። አሮጌው የሴቶች ማደሪያ አይታይም። ውሃ አለ ወይ ብለው ከጠየቁ አለ በሉ፤ አለ እኮ፣ የማይኖረው አንዳንድ ቀን ነው። ስለ ራሳችሁ ካልተጠየቃችሁ አታውሩ፤ ከተጠየቃችሁ ደስ የሚያሰኘውን ተናገሩ፣ ሰው ልጁን የሚሰጠን ሲያምነን ነውና። ወላጅን ሁሉ እርስዎ በሉ፣ አጎታችሁ ቢሆን እንኳ። ከዚያ ለእያንዳንዳቸው አረንጓዴ ሰደርያ አደለች፤ ጀርባው ላይ በትልቁ "ይጠይቁኝ" የሚል ጽሑፍ አለበት። የንቢት ሰደርያ ሰፍቷት ጉልበቷ ድረስ ወረደ። አስተባባሪዋ አየት አደረገቻትና፣ ዛሬ የአንቺን ቡድን ከኋላ ሆኜ እከተላለሁ፣ እንዴት እንደምትሠሪ አያለሁ፣ አለቻት።

በሩ ላይ የሚጠብቃት ቡድን ሃያ ሰው ገደማ ይሆናል። ከሁሉ ቀድሞ የመጣው አንድ የታክሲ ሹፌር ነው፤ ልጁን በክንዱ አቅፎ፣ ያቆማትን ታክሲ በየጊዜው ዞር ብሎ እያየ፣ ጥያቄውን የጀመረው ንቢት ሰላም ሳትል ነው። ምግቡ እንዴት ነው? መምህሮቹ ይቀራሉ? ልጅ እዚህ ገብቶ ሥራ ሳያገኝ ስንት ዓመት ይቀመጣል? ልጁ በሐፍረት ጫማውን ያያል። ንቢት እየሳቀች መልስ ስትሰጥ አንዲት ጥቁር መኪና በር ላይ ቆመች። ከመኪናዋ አንድ ሰው፣ ሚስቱና ሴት ልጁ ወረዱ።

መጀመሪያ ያየችው ትከሻውን ነው። የግራ ትከሻው ከቀኙ ዝቅ ይላል። የእሷም እንዲሁ ነው፤ ሸሚዝ በለበሰች ቁጥር እናቷ አንዱን ጎን ጎተት አድርጋ ታስተካክልላታለች። ዛሬ ጠዋት ልቡ ቀጥ ብሎ የሞተው ሰውዬ በእግሩ እየተራመደ በሩን አልፎ ገባ፤ ለዘበኛው መታወቂያውን አሳየ፤ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ንቢት እሱን ለመጨረሻ ጊዜ ያየችው ዩኒቨርሲቲ መግባቷን ልትነግረው ሱቁ ድረስ የሄደች ቀን ነው። ያን ቀን ደንበኛ መስላው "ለየትኛው መኪና ነው?" አላት። ማን መሆኗን ስትነግረው ደግሞ ወደ ውጭ አየት አድርጎ፣ እዚህ ድረስ መምጣት አልነበረብሽም፣ አለ። አሁን ግን ለማወቅ አፍታም አልፈጀበትም። ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ያልተደወለ ስልክ ጆሮው ላይ ለጠፈ።

ንቢት፣ ቡድኔን ለሌላ አስጎብኚ ስጡልኝ ማለት ትችል ነበር፤ አስተባባሪዋ አጠገቧ ናት፣ ሆዴን አመመኝ ቢሏት ታምናለች። ይህን እያሰበች ሳለ ዓይኗ ልጅቷ ላይ አረፈ። አባቷ ሌላ ልጅ እንዳለው ታውቃለች፤ በሐሳቧ ግን ያች ልጅ ገና የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪ፣ ቦርሳዋ ከጀርባዋ የሚበልጥ ነበረች። የቆመችው ግን ዩኒቨርሲቲ ልትመርጥ የመጣች ሙሉ ወጣት ናት። ግንባሯ ሰፊ፣ ቅንድቦቿ የተቀራረቡ፣ ከንቢት ብታንስ ሁለት ዓመት ብታንስ ነው። ሰውየው ከቤት የወጣው ንቢት ትምህርት ቤት በገባች ዓመት ነበር። ታዲያ ይህች ልጅ ስትወለድ እሱ ማታ ማታ ዳቦ ገዝቶ እነሱ ቤት ይገባ ነበር ማለት ነው። ይህን ሒሳብ በር ላይ ቆማ ጨረሰችው፤ ስትጨርሰው የመሸሹን ሐሳብ ተወችው። ለምን እኔ እሄዳለሁ፣ አለች በልቧ። ግቢው የኔ ነው። የመጣው እሱ ነው።

"እንኳን ደህና መጣችሁ" አለች። ድምፅዋ ከወትሮው ከፍ ብሎ ስለወጣ ዘበኛው ሁሉ ዞረ።

እየመራች ወሰደቻቸው። ፊቷን ወደ እነሱ አዙራ በጀርባዋ መሄድ ነበረባት፤ ስለዚህ ሰውየውን ላለማየት ብትፈልግም አትችልም። እሱ መጀመሪያ ከመሐል ነበር፣ ቀስ በቀስ ወደ ጎን ወጣ፣ ላይብረሪው ጋ ሲደርሱ ከሁሉ ኋላ ሆኖ ከአስተባባሪዋ ጋር እኩል ይራመድ ነበር። ሚስቱ ግን ከፊት ናት። ቀላ ያለች፣ ፊቷ ለሰው የሚመች ሴት ናት፤ የምትሰማውን ሁሉ ለልጇ ትደግምላታለች፣ መስኮቱ ብርሃን እንዳለው፣ ወንበሩ እንደሚመች። ንቢት ልትጠላት ፈልጋ አልሆነላትም። ልጅቷ ጥያቄ አታበዛም፤ የንቢትን አፍ ብቻ ታያለች። የታክሲ ሹፌሩ ውሃ አለ ወይ አለ። አስተባባሪዋ ከኋላ ቁልፏን አቃጨለች። "ብዙ ጊዜ አለ፤ የማይኖርበት ቀንም አለ። ባልዲ ይዛችሁ ኑ" አለች ንቢት። ወላጆቹ ሳቁ። አንዲት እናት፣ እውነቱን የሚነግረን ሰው ተገኘ፣ ብላ ለጎረቤቷ ስትናገር ተሰማ። አስተባባሪዋ አልሳቀችም።

ከላይብረሪው ሲወጡ ነው ሹፌሩ ነገሩን ያመጣው። ሰውየው ክፉ አስቦ አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ በመስታወት የሰው ፊት እያየ የሚውል ሰው ስለሆነ ፊት አያመልጠውም። "አስጎብኚዋ፣ ከዚች ልጅ ጋር እህትማማች ናችሁ እንዴ? አንዳችሁን ጭኜ ሌላዋን ባወርድ ልዩነቱን አላውቅም" አለ። ሁሉም ዞሮ አየ። ልጅቷ ፈገግ ብላ ወደ ንቢት ቀረብ አለች፣ ትከሻ ለትከሻ ለመለካት ያህል። ያን ጊዜ ከኋላ አባቷ ሳቀ፤ ሳቁ ከቀልዱ በላይ ሆነ። "ሰውና ሰው ይመሳሰላል" አለ። ሚስቱ ወደ እሱ ዞር አለች። በዚያ ጠዋት ድምፁን ሲያሰማ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ንቢት፣ ቀጥሎ የምናየው ላብራቶሪውን ነው፣ አለች።

ላብራቶሪው ውስጥ ሰው ሁሉ ወደ ብልቃጦቹ ሲጠጋ ንቢት በሩን ለመያዝ ኮሪደሩ ላይ ቀረች። አባቷ ስልክ የሚያናግር መስሎ ተከትሏት ወጣ። ጠጉሩ በጎን በኩል ሸብቷል፤ ሽቶው ግን አልተለወጠም። ዓይኗን ሳያይ ግድግዳውን እያየ፣ በቀስታ፣ እነዚህ ሰዎች ስለ አንቺ አያውቁም፣ አላት። ነገሩ ውስብስብ ነው፤ አንቺ አሁን ትልቅ ሰው ነሽ፣ ይገባሻል። ዛሬን ብቻ እንደማታውቂኝ ሁኚ። የሚያስፈልግሽን ሁሉ አደርጋለሁ፣ በኋላ እደውልልሻለሁ። ንቢት ይህን ሰው በሐሳቧ ስንት ዓመት ስትሰድበው ኖራለች፤ የተዘጋጀው ስድብ ብዙ ነው። አፏ ላይ የመጣው ግን የአስተባባሪዋ ደንብ ነበር።

"እርስዎ ስልኬን አያውቁትም" አለችው።

ቃሉ እንደ ጥፊ አረፈበት። ልጆቹ አባታቸውን አንተ ብለው ያደጉ ናቸው፤ ላብራቶሪው ውስጥ ያለችው "አባዬ፣ ና እየው" ብላ ስትጣራ ድምፅዋ እስከ ኮሪደሩ ይሰማ ነበር። "ልጅዎ እየጠራችዎት ነው፤ ይግቡ" አለች ንቢት በሩን ሰፋ አድርጋ ይዛ። አባቷ በአጠገቧ አልፎ ገባ።

የመጨረሻው ማረፊያ ትልቁ አዳራሽ ነው። ወላጆቹ እግራቸው ዝሎ ለስላሳው ወንበር ላይ ዘፍ ዘፍ አሉ፤ ንቢት መድረኩ ሥር ቆመች። ደንቡ እንደሚለው የቀረ ጥያቄ ካለ እዚህ ይጠየቃል። ስለ ክፍያ ጠየቁ፤ ስለ ማደሪያ ጠየቁ፤ ሹፌሩ ሁለት ጊዜ ጠየቀ። አስተባባሪዋ በሩ አጠገብ ቆማ ሰዓቷን ማየት ጀመረች። ሊበተኑ ሲሉ የአባቷ ሚስት እጇን አነሳች፤ ትምህርት ቤት እንዳለ ልጅ ከፍ አድርጋ ነው ያነሳችው። ከጠዋት ጀምሮ ስታያት እንደቆየች፣ ልጇም እንደ እሷ ደፋር ብትሆንላት ደስ እንደሚላት ተናገረች። ከዚያ፣ "አንቺንስ የኔ ልጅ፣ ማን ነው የሚያስተምርሽ?" አለች።

"እናቴ ናት" አለች ንቢት። "ሆቴል ውስጥ ልብስ ትተኩሳለች። ይህንንም ሸሚዝ ዛሬ ጠዋት የተኮሰችው እሷ ናት።"

ወላጆቹ በማድነቅ አጉረመረሙ። ሴትየዋ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። "ጎበዝ እናት። አባትሽስ?"

አረፈ የምትለው ቃል ቀላል ናት። ጠዋት ስትነገር ሰምታታለች፤ ከንፈር ይመጠጣል፣ ነፍስ ይማር ይባላል፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል። ንቢት አባቷን አየችው። ከሚስቱና ከልጁ መሐል ተቀምጦ አገጩን በጥቂቱ፣ በጣም በጥቂቱ፣ ወደ ታች ነቀነቀ። በይው፣ ማለቱ ነው። ያን ጊዜ ገባት። ሰውየው እንድትገድለው እየለመናት ነው። እናቷ በየኪራይ ቤቱ ተሸማቅቃ የምትሠራለትን ሥራ፣ እሱ ለስላሳ ወንበር ላይ ተቀምጦ አሁን በእሷ አፍ እንዲሠራለት ይፈልጋል። ውስጧ የነበረው ፍርሃት ሁሉ እንደ ውሃ ወርዶ አለቀ።

"አለ" አለች። "ደህና ነው። ጤነኛ ነው።"

"ምንድነው የሚሠራው?" አለች ልጅቷ። በጠዋቱ ጉብኝት ሁሉ የጠየቀችው ይህንን ብቻ ነው። ስትጠይቅ ንቢትን አላየችም፣ አባቷን ነው ያየችው።

"እሱን እኔ ከምነግርሽ ራሱ ቢነግርሽ ይሻላል" አለች ንቢት። ከዚያ ዓይኗን ከልጅቷ ወደ ሰውየው አዞረች፣ ኮሪደሩ ላይ እርስዎ ወዳለችው። "አባዬ" አለችው፤ "ንገራት።"

አባቷ ተነሳ፣ ተቀመጠ፣ እንደገና ተነሳ። አስጎብኚዋ ተሳስታለች፣ አለ፤ ሰው ያሳሳታል፣ አለ፤ ማንንም ሳያይ ይህንኑ ደገመው። ሚስቱ እሱን አላየችውም። የንቢትን ትከሻ ነበር የምታየው፣ ዝቅ ያለውን የግራውን፤ ከዚያ የእሱን አየች። ቦርሳዋን አነሳች፣ የልጇን ፀጉር በመዳፏ ነካ አደረገች፣ ከረድፉ ወጥታ በመሐል መንገዱ ሄደች። ስታልፍ ንቢት አጠገብ ቆም ብላ ፊቷን አየቻትና አለፈች። የታክሲ ሹፌሩ ከተቀመጠበት ተነስቶ በሩን ከፈተላት። ውጭ ሲደርሱ፣ ሥራ ላይ ነህ ወይ ብላ ስትጠይቀው ተሰማ። እሱም፣ ለእርስዎ አለሁ፣ ብሎ ልጁን ከፊት አስቀምጦ እሷን ከኋላ አሳፍሮ ወሰዳት። በጥቁሯ መኪና በኩል ሲያልፉ ዞር ብላ አላየችም።

አባቷ ንቢትን የአዳራሹ ደረጃ ላይ ደረሰባት። ሽቶው ከላብ ጋር ተቀላቅሎ ነበር። "ቤቴን አፈረስሽው" አላት።

"እኔ የተጠየቅኩትን ነው የመለስኩት" አለችው። "የቤት አፈራረሱን አንተ ታውቃለህ።"

እጁን አነሳ፤ ሊመታት ይሁን ሊለምናት እሱም የወሰነ አይመስልም ነበር። ንቢት አንድ እርምጃ እንኳ ወደ ኋላ አላለችም። ወላጆቹ በግራና በቀኝ እያለፉ ነበር፤ አንዲት እናት ቆም ብላ አፈጠጠችበት። እጁን መልሶ ኪሱ ውስጥ ከተተና ወደ መኪናው ሄደ።

ቀጥሎ ቁልፉ ተሰማ። አስተባባሪዋ ፊቷ ቀልቷል። ይህ የቤተሰብ ጉዳይ መፍቻ አይደለም፣ አለች። እንግዳ አስከፋሽ፣ ስማችንን አጎደፍሽ፣ ውሃ የለም አልሽ። ሰደርያውን አውልቂ፣ ነገ እንዳትመጪ። ንቢት ሰደርያውን በራሷ ላይ አውልቃ፣ እንደ እናቷ በሁለት እጇ አጣጥፋ ሰጠቻት። ድምፅዋን ግን አላጠፈችውም።

"የቱን ነው የዋሸሁት?"

አስተባባሪዋ፣ ዋሸሽ አላልኩም፣ አለች።

"ጀርባዬ ላይ ይጠይቁኝ ይላል። ጠየቁኝ" አለች ንቢት። "ነገ በሰዓቴ እመጣለሁ። የሚያባርሩኝ ከሆነ ምክንያቱን ጽፈው በደብዳቤ ይስጡኝ፤ ምን ብለው እንደሚጽፉት ማየት እፈልጋለሁ።" አስተባባሪዋ ሰደርያውን ብብቷ ሥር ወሽቃ ሄደች፤ ነይም ቅሪም አላለቻትም።

ንቢት ከአዳራሹ ጎን ካለው የድንጋይ መቀመጫ ላይ ተቀመጠች። አዲሱ ካፌ ፊት ለፊቷ ነው፤ ሻዩ ከግቢው ውጭ ካለው በእጥፍ ይበልጣል፣ እሷም አንድ ቀን ጠጥታበት አታውቅም። ለራሴ አንድ ሻይ ልግዛ ብላ አሰበች፤ ተወችው፤ ስልኳ ጠራ። እናቷ ናት፣ ከምድር ቤቱ፤ የእንፋሎቱ ፉጨት ከኋላ ይሰማል። እንዴት ሆነልሽ፣ አለች።

"አባዬ መጥቶ ነበር" አለች ንቢት። "ከነልጁ።"

ከዚያ የጠየቀችው ጥያቄ ራሷን አስደነገጣት። "ስትወለድ ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር" አለች እናቷ። ድምፅዋ አልተሰበረም። ሆስፒታል ድረስ ሄዳ በመስኮት እንዳየቻት፣ ፀጉሯ ብዙ እንደነበር ነገረቻት፤ ይህንን ለማንም ተናግራው አታውቅም። እናቷ ቀጠለች። ምን አልሽው፣ አለች።

"እርስዎ አልኩት።"

በእንፋሎቱ መሐል አንድ ድምፅ መጣ። ንቢት ልቅሶ መስሏት ቀና ብላ ተቀመጠች። ሳቅ ነበር። እናቷ እንደዚያ ስትስቅ ከሰማቻት ብዙ ጊዜ ሆኗታል፤ ሳቋ አልቆም ብሎ ከአጠገቧ ያሉት ሴቶች ምን ነካሽ ሲሏት ተሰማ። አንሶላው ሊያርርብኝ ነው፣ ብላ ዘጋችው።

ስልኩን ከጆሮዋ ስታወርድ ልጅቷ ፊት ለፊቷ ቆማ ነበር። እንዳለቀሰች ዓይኗ ይናገራል፤ ፊቷን ግን ታጥባ መጥታለች፣ ግንባሯ ላይ ያለው ፀጉር ረጥቧል። ሳትጠየቅ መቀመጫው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። በመሐላቸው አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ቀረ። ሰው ሁሉ ወጥቶ ስለነበረ ግቢው ጸጥ ብሏል።

"ስንት ዓመትሽ ነው?" አለች ልጅቷ።

"ሃያ።"

የልጅቷ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ንቢት ምን እየቆጠረች እንደሆነ አውቃ ዝም አለቻት፤ ያንን ሒሳብ ሰው ለብቻው ነው የሚጨርሰው። ልጅቷ ስትጨርስ ጉልበቷ ላይ ያለውን የቦርሳ ማንገቻ ጣቷ እስኪነጣ ጠመዘዘችው። መጀመሪያ ልትሰድብሽ ነበር የመጣሁት፣ አለች፤ ከዚያ ቃሉ መሳቱን ራሷ ሰምታ፣ ልሰድብሽ ማለቴ ነው፣ አለች። ሁለቱም ሳይፈልጉ ፈገግ አሉ። መንገድ ላይ ስመጣ ግን ስድቡ ጠፋብኝ፣ አለች። ንቢት፣ እኔም ዛሬ እንዲሁ ሆኖብኛል፣ አለቻት።

ከበሩ በኩል የመኪና ጥሩምባ ተሰማ፤ አንድ ጊዜ፣ አጭር።

ልጅቷ ተነሳች። ንቢት፣ በቃ ሄደች ብላ፣ ደህና ሁኚ የሚለውን ቃል ምላሷ ላይ አዘጋጀች። ልጅቷ ግን ወደ በሩ አላየችም። እጇን ዓይኗ ላይ ጋርዳ ከላብራቶሪው ጀርባ ያለውን ግራጫ ሕንፃ ታይ ነበር፤ በየመስኮቱ ልብስ የተሰጣበትን፣ ጠዋት ቡድኑ ዙሮ ያለፈውን።

"እዚያ ለምን አልወሰድሽንም?"

"አሮጌው ማደሪያ ነው። አይታይም ተብለናል" አለች ንቢት። ሊፍት የለውም፤ ቧንቧው ያንጠባጥባል፤ ከላይ ካለው በረንዳ ግን ከተማው ሁሉ ይታያል፣ ማታ ማታ ልጆቹ እዚያ ተቀምጠው ነው የሚያጠኑት፣ አለቻት። ንቢት ራሷ እዚያ አልጋ የላትም፤ ጓደኞቿ ጋ ስትሄድ ታውቀዋለች። ከጠዋት ጀምሮ ካሳየቻቸው ቦታ ሁሉ ይልቅ እሷ የምትወደው ይህንን ያላሳየቻቸውን ነው።

"እዚህ ብገባ እኔንም እዚያ ነው የሚያስገቡኝ?"

"እዚያ ነው።"

ጥሩምባው እንደገና ጮኸ። አሁን ረዘመ፤ ዘበኛው ከጎጆው ብቅ ብሎ እጁን ሲያወራጭ ከሩቅ ይታያል። ልጅቷ ቦርሳዋን ግራ ትከሻዋ ላይ አደረገች፤ ማንገቻው ተንሸራተተ፣ መልሳ ሰቀለችው፣ እንደገና ተንሸራተተ። ንቢት ሳታስበው እጇን ሰደደችና ማንገቻውን ወደ ቀኙ ትከሻ አዛወረችላት። እዚያ ላይ ረጋ።

ወደ ግራጫው ሕንፃ ጎን ለጎን ሄዱ። ደረጃው ሥር ሲደርሱ ጥሩምባው ለሦስተኛ ጊዜ ጮኸ፤ ሰውየው እጁን እላዩ ላይ እንደተወ ሳያቋርጥ ጮኸ። ልጅቷ አንድ እግሯን ደረጃው ላይ አድርጋ ወደ ላይ አየች።

"ስንተኛ ፎቅ ነው?" አለች።